ከማሽኑ በፊት መርፌ የሚይዘው እጅ

ስለ ኩላሊት እጥበት በአገራችን ዜና ሲሠራ የሚጠቀሰው ቁጥር ሁልጊዜ የማሽን ነው። ይህን ያህል ማሽን ተገዛ፣ ይህን ያህል ተለገሰ፣ ይህን ያህሉ ደግሞ በመለዋወጫ እጥረት ቆሟል ይባላል። ማሽኑ ውድ ነውና መቆጠሩ ተገቢ ነው። ሆኖም የቱንም ያህል ዘመናዊ ማሽን ቢመጣ፣ ከሕመምተኛው ደም የሚቀዳበትና መልሶ የሚያስገባበት መንገድ ከሌለው ምንም አይሠራም። ያንን መንገድ የሚያዘጋጀው ቀዶ ሐኪም ነው፤ በየሳምንቱ የምትከፍተው ነርስ ናት፤ ሳያውቅ ሊዘጋው የሚችለው ደግሞ በየሰፈሩ ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ ነው። እነዚህ ሰዎች ሙያውን በምን ላይ ተለማመዱት? መጀመሪያ የወጉት ማንን ነው? ይህ ጥያቄ ከማሽኑ ቁጥር እኩል መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ተነስቶ ማየት ይጠቅማል። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ለኩላሊት ሕመምተኛ ግን ዋናው መንገድ አሁንም ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ነው። ከሰበታ የሚነሳው በዓለምገናና በካራ ቆሬ አድርጎ አየር ጤና ይደርስና ሌላ ታክሲ ይይዛል። የቡራዩው በአሸዋ ሜዳና በአስኮ በኩል ይመጣል፤ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በዚያው አቅጣጫ መሆኑ ለእሱ ትንሽ እፎይታ ነው። የሱሉልታው የእንጦጦን ጀርባ ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ ይወርዳል። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ የባቡር ሐዲድ መነሻው ሰበታ ነው፤ ለእጥበት የሚሄደው የሰበታ ሰው ግን በጠዋት ብርድ የሚጠብቀው ሚኒባስ ነው።

ሕክምናው በደንቡ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ያህል ነው። በእኛ አገር ከወጪው ክብደት የተነሳ ብዙዎች ወደ ሁለት ቀን ያወርዱታል። ሁለት ቀን ብቻ ለሚታጠብ ሰው የአንድ ቀን መስተጓጎል ምን ማለት እንደሆነ ቤተሰቡ ያውቀዋል። እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያድራል። ያንን ቀን የሚያስተጓጉለው ደግሞ የመብራት መጥፋት ወይም የማሽን ብልሽት ብቻ አይደለም። ከሱሉልታ ሌሊት ተነስቶ የመጣ ሰው አልጋው ላይ ከተኛ በኋላ መርፌው አልገባ ብሎ ክንዱ አብጦ የሚመለስበት ቀን አለ። የታክሲ ሒሳቡ ተከፍሏል፣ ተራው ተይዟል፣ ማሽኑ ይሠራል፣ ደሙ ግን አልታጠበም።

የዚህ የደም መንገድ ነገር ለምን እንዲህ ከባድ እንደሆነ ለመረዳት አንድ ስሌት ይበቃል። ማሽኑ በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ደም ቢስብ፣ በአራት ሰዓት ውስጥ 72 ሊትር ደም በማጣሪያው ያልፋል። የአንድ ጎልማሳ ደም በአጠቃላይ አምስት ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ ያው ደም ከአሥር ጊዜ በላይ ይመላለሳል ማለት ነው። ለላቦራቶሪ ደም የሚቀዳበት የክንድ ደም መልስ ይህንን መጠን ሊሰጥ አይችልም፤ ገና ሲሳብ ይጨማደዳል። ደም ቅዳው በቂ ኃይል አለው፤ ግን ጥልቅ ነው፣ በየሁለት ቀኑ ቢወጋም አይችልም።

የኩላሊት እጥበት ታሪክ ራሱ በዚህ ችግር የተያዘ ታሪክ ነው። ኔዘርላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ እ.ኤ.አ. በ1943፣ አገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለ፣ በካምፐን ከተማ ሆስፒታል ለሥራ የበቃውን የመጀመሪያ ሰው ሠራሽ የኩላሊት ማሽን ሠራ። ማሽኑ ደም ማጣራት ቻለ። ነገር ግን በየእጥበቱ አንድ ደም ቅዳና አንድ ደም መልስ ይቆረጥ ስለነበር፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሕመምተኛው አካል ላይ የሚወጋ ቦታ ይጠፋ ነበር። ለ17 ዓመታት ያህል እጥበት ኩላሊታቸው በድንገት ቆሞ ሊያገግም ለሚችል ሰዎች ብቻ የሚሰጥ ሕክምና ሆኖ የቆየበት አንዱ ዋና ምክንያት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ሲያትል የቤልዲንግ ስክሪብነር ቡድን ከቆዳ ውጭ በቋሚነት የሚቀመጥ የቴፍሎን ቱቦ ሠራ። የመጀመሪያው ተጠቃሚ ክላይድ ሺልድስ ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ኖረ። ሰውየውን ያቆየው አዲስ ማሽን አይደለም፤ አዲስ መንገድ ነው።

ቱቦው ግን ይደፈን ነበር፤ ይመረቅዝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ብሬሽያ፣ ሲሚኖና ባልደረቦቻቸው በኒውዮርክ ብሮንክስ የሠሩትን ይፋ አደረጉ። በእጅ አንጓ አካባቢ ደም ቅዳውን ከጎኑ ካለው ደም መልስ ጋር በቀዶ ጥገና አገናኙት። ኃይለኛው ደም ወደ ደም መልሱ ሲገባ፣ ከቆዳ ሥር ያለው ስስ ሥር በሳምንታት ውስጥ ይሰፋል፣ ግድግዳው ይወፍራል፣ ወፍራም መርፌም ደጋግሞ መቀበል ይችላል። ይህ ነው ፊስቱላ የሚባለው። ብዙ አንባቢ ፊስቱላ ሲባል በወሊድ ምክንያት የሚመጣውንና ሐምሊን ሆስፒታል የሚታከመውን ጉዳት ስለሚያስብ፣ ይህኛው ሆን ተብሎ በሐኪም የሚሠራ መሆኑን ልብ ይሏል። ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ዛሬም ለሚመቸው ሕመምተኛ ከእሱ የተሻለ መንገድ አልተገኘም።

ፊስቱላ የሌለው ሰው በካቴተር ይታጠባል። ካቴተሩ በአንገት ወይም በብሽሽት በኩል ወደ ትልቁ ደም መልስ የሚገባ ለስላሳ ቱቦ ነው። ኩላሊቱ መድከሙን ዘግይቶ ለተረዳ፣ በድንገተኛ ክፍል በኩል ለገባ ሰው ሕይወት አዳኝ ነው። በአሜሪካ እንኳ እጥበት ከሚጀምሩት አሥር ሰዎች ስምንቱ ያህል የሚጀምሩት በካቴተር ነው። ችግሩ የሚመጣው ለጊዜው የገባው ቱቦ ወራት ሲቆይ ነው። ቱቦው ከቆዳ ውጭ ካለው ዓለም በቀጥታ ወደ ልብ አቅራቢያ የሚወስድ በር ስለሆነ፣ ያልታጠበ እጅ ወይም የረጠበ ፋሻ የደም ኢንፌክሽን ያመጣል። ሲያስገቡትም ስህተት ይቅር አይልም፦ መርፌው ወደ ደም ቅዳ ሊገባ፣ ሳንባ ሊወጋ ወይም መሪው ሽቦ ከእጅ ሊያመልጥ ይችላል።

አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ገብርኤል ሆስፒታል እጥበት ላይ የነበሩ 91 ሕመምተኞችን የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ከእነሱ መካከል ከአንድ ዓመት በላይ በሕይወት የቆዩት 42.1 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሞቱ መንስኤ ብዙ ነው፤ የልብ ሕመም፣ ስኳር፣ ዘግይቶ መምጣት፣ ገንዘብ ማለቅ ሁሉም አሉበት። ኢንፌክሽንም አለበት። ከእነዚህ ሁሉ በባለሙያው እጅ ጥራት በቀጥታ የሚወሰነው የመንገዱ ጉዳይ ነው። ገንዘብ ለሁሉም ማሟላት ያቃተው አገር ይህንን ማሻሻል ግን አያቅተውም።

እስቲ መርፌው የሚገባበትን ቅጽበት ጠጋ ብለን እንየው። ነርሷ መጀመሪያ የምታደርገው መመልከትና መዳሰስ ነው። ጣቶቿን በፊስቱላው ላይ ስታሳርፍ እንደ ድመት ጉሮሮ የሚንዘፈዘፍ ንዝረት ሊሰማት ይገባል። ንዝረቱ ጠፍቶ የልብ ምት ብቻ የሚመታ ከሆነ ከፊት ለፊት ጥበት ወይም የረጋ ደም አለ ማለት ነው፤ የዚያን ቀን መውጋት ሳይሆን ሐኪም መጥራት ነው የሚያስፈልገው። ደህና ከሆነ ክንዱ በላስቲክ ይታሰራል፣ ቆዳው ይጸዳል፣ መርፌው በ25 ዲግሪ አካባቢ ዘንበል ብሎ ይገባል። ደም በቱቦው ብልጭ ሲል ዘንበል ማለቱ ይቀነሳል፤ መርፌው ከሥሩ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። በዚያች ቅጽበት ሁለት ሚሊ ሜትር ያለፈች መርፌ የኋላውን ግድግዳ ትበሳለች፤ ማሽኑ ሲነሳ ደሙ ወደ ሥጋው ይፈስሳል፣ ክንዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይነፋል። ደሙን የምትመልሰው ሁለተኛዋ መርፌ ደግሞ ጫፏ ወደ ልብ አቅጣጫ ሆኖ፣ ከመጀመሪያዋ ጥቂት ጣት ርቃ ትገባለች። ቦታው በየጊዜው መቀያየር አለበት። ለሕመምተኛው ስለማያመው፣ ለነርሷም ስለሚቀላት አንድ ቦታ ብቻ ደጋግሞ መውጋት ሥሩን ያሳሳዋል፣ እንደ ፊኛም ይወጥረዋል።

በሳምንት ሦስት ቀን ለሚታጠብ ሰው ይህ በዓመት 312 መርፌ ነው። ሁለት ቀን ለሚታጠበው 208። እያንዳንዷ መርፌ የራሷን ጠባሳ ትተዋለች። ስለዚህ ሠልጣኝ ነርስ «በሥራ ላይ ትለምደዋለች» የሚባለው አነጋገር፣ በማን ክንድ ላይ እንደምትለምደው ሲታሰብ በጣም ከባድ ነው። አዲስ የተሠራ ፊስቱላ ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ለመበላሸት ግን አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።

እስካሁን ያልኩት ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ክፍል ውስጥ ስለሚሆነው ነው። ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ትልቁ ጉዳይ ግን ዲያሊሲስ ክፍል ከመድረሱ በፊት ያለው ነው ባይ ነኝ። ስለዚህኛው ሲነገር እምብዛም አልሰማም።

ፊስቱላ የሚሠራበት ደም መልስ ከአውራ ጣት በላይ፣ በክንድ ጎን የሚሄደው ነው። በየጤና ጣቢያውና በየክሊኒኩ «መስመር ክፈቱለት» ሲባል እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚሁ ሥር ነው፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ይታያል፣ ካኑላ በቀላሉ ይቀበላል። ደም ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ለዓመታት ሲመላለስ ይኖራል። ሲደክመው ግሉኮስ ይሰቀልለታል፣ ሲያስመልሰው በደም ሥር መድኃኒት ይሰጠዋል። እኛ አገር ታማሚው ራሱ ግሉኮስ ካልተሰቀለለት የታከመ የማይመስለው ጊዜ ብዙ ነው። እያንዳንዱ ካኑላ ሥሩን ያስቆጣል፤ አንዳንዱ ውስጡ ይጠባል፣ አንዳንዱ እንደ ገመድ ይደድራል። ከአምስት ዓመት በኋላ ኩላሊቱ ሲደክምና ቀዶ ሐኪሙ አልትራሳውንድ አሳርፎ ሲፈልግ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ የሚሞላ ጤነኛ ሥር ያጣል። ያ ሰው ካቴተር ላይ ይቀራል። ፊስቱላውን ያጣው ሰበታ ወይም ቡራዩ ውስጥ፣ ኩላሊት የሚባል ነገር ባልተነሳበት ተራ ቀን ነው።

መከላከያው የሚጠይቀው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ኩላሊቱ እየደከመ መሆኑ የታወቀ ሰው በማይጽፍበት እጁ ክንድ ላይ ካኑላ አይገባለትም፣ ደም አይቀዳለትም። የግድ ከሆነ የእጅ መዳፍ ጀርባ ይሞከራል። ፊስቱላ ከተሠራለት በኋላ በዚያ ክንድ የደም ግፊት አይለካም። ከአንገት አጥንት ሥር ወዳለው ሥርም ካቴተር ማስገባት ይቀራል፤ ጥበት ካመጣ የዚያ ጎን ክንድ በሙሉ ከጥቅም ውጭ ይሆናልና። ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ይጻፋል። ተጽፎም ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ነገር ግን በወረፋ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ የነርስ እጅ የሚሄደው ወደለመደበት ነው። መዳፍ ጀርባ ያለው ሥር ቀጭን ነው፣ ይንሸራተታል፣ ሦስት ጊዜ ሊስት ይችላል። እጇ እዚያ ላይ ያልተለማመደ ነርስ መመሪያውን እያወቀችም ወደ ክንዱ ትመለሳለች፤ አይፈረድባትም። መፍትሔው በሞዴል እጅ ላይ ደጋግማ እንድትወጋ ጊዜና ቦታ መስጠት ነው።

በሞዴል ላይ መለማመድ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በደንብ ተለክቷል። በቺካጎ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሥራ፣ የኩላሊት ስፔሻሊስት ለመሆን ሥልጠና የጀመሩ ሐኪሞችን በአንገት በኩል የዲያሊሲስ ካቴተር እንዲያስገቡ በሞዴል ላይ ፈተኗቸው። አማካይ ውጤታቸው ከመቶ 29.5 ነበር። በሞዴሉ ላይ ከሠለጠኑ በኋላ 88.6 ደረሰ። ትኩረት የሚስበው ግን የሌላው ቡድን ውጤት ነው። ሥልጠናቸውን በተለመደው መንገድ፣ ማለትም በሕመምተኛ ላይ እያዩና እየሠሩ ጨርሰው ሊመረቁ የደረሱት ሐኪሞች በዚያው ፈተና ያገኙት አማካይ 53.1 ነው። ዓመታት በሥራ ላይ የቆየ ሰው ገና ከጀመረና በሥርዓት ከተለማመደ ሰው አነሰ። እነዚሁ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩ ሬዚደንቶች በሞዴል ከሠለጠኑ በኋላ በማዕከላዊ ካቴተር የሚመጣው የደም ኢንፌክሽን ካቴተር በገባበት በ1,000 ቀን ከ3.20 ወደ 0.50 ወርዷል።

ቁልፉ ሞዴሉ ብቻ አልነበረም። አሠልጣኙ እያንዳንዱን እርምጃ በዝርዝር ቅጽ ላይ ይመዝናል፦ እጅ ታጠበ? ጓንት በትክክል ተጠለቀ? ሽቦው ሁልጊዜ በእጅ ተያዘ? ሠልጣኙ ማለፊያውን እስኪያገኝ ይደግማል። አንዱ በአንድ ከሰዓት ይጨርሳል፣ ሌላው ሦስት ቀን ይፈጅበታል። የሥልጠናው ርዝመት ይለያያል እንጂ የማለፊያው ከፍታ አይለያይም። እኛ ጋ የተለመደው የዚህ ግልባጭ ነው። ሥልጠናው አምስት ቀን ተብሎ ይወሰናል፤ በአምስተኛው ቀን የቻለውም ያልቻለውም እኩል የምስክር ወረቀት ይዞ ይወጣል።

ይህ ለእኛ ባዕድ ነገር እንዳይመስል። የሕክምና ተማሪዎቻችን ኦስኪ በሚሉት የተግባር ፈተና ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየዞሩ ይፈተናሉ። በዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው አዲስ የተወለደ ሕፃን እንዲተነፍስ የመርዳት ሥልጠና ወደ ኢትዮጵያም መጥቶ፣ አዋላጆች ውሃ በሚሞላ የሕፃን ሞዴል ላይ በከረጢትና ጭምብል አየር መስጠትን ተለማምደዋል። ሞዴሉ የሕፃን ክብደት አለው፣ ደረቱ ይነሳል፣ እትብቱ ይመታል። ገጠር ያለች አዋላጅ በሰው ልጅ ላይ ከመሞከሯ በፊት በሞዴል ላይ መሳሳት ትችላለች የሚለውን ሐሳብ የጤና ሥርዓታችን ከተቀበለው ቆይቷል። ለኩላሊት ሕመምተኛ ክንድ የሚጠየቀው ያው ነው።

ወጪውን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ነገር አለ። አንደኛው ውድ ነው፦ ደም የሚያዘዋውር ፓምፕ ያለው፣ ንዝረት የሚሰጥ፣ አልትራሳውንድ ሲያርፍበት ሥሩን የሚያሳይ የክንድና የአንገት ሞዴል። በአሜሪካ የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችማ መርፌዋ የት እንደደረሰች በሴንሰር የሚለካ የፊስቱላ መለማመጃ እስከመሥራት ደርሰዋል። እንዲህ ያለውን አንድ ሁለት ማዕከል ቢይዘው ይበቃል። ሁለተኛው ዓይነት ግን በአገር ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ነው። የላስቲክ ቱቦ በጄላቲን ውስጥ ተቀብሮ፣ ቱቦው በቀይ ቀለም ውሃ ሲሞላ፣ ለመርፌም ለአልትራሳውንድም ጥሩ መለማመጃ ይሆናል። በዶሮ ደረት ሥጋ ውስጥ ቱቦ አስገብቶ በአልትራሳውንድ መውጋት በብዙ አገር የተለመደ ነው። ቀዶ ሐኪሞች ደግሞ በቀጭን ክር ሁለት ሥር መስፋትን የሚለማመዱት በዶሮ ጭን ደም ሥር ላይ ነው፤ ፊስቱላ ለመሥራት ከሚያስፈልገው ስፌት ጋር ይቀራረባል። ከቄራ የሚገኝ ትኩስ የእንስሳ ደም ሥርም ያንኑ ያገለግላል። የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ይህንን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ሰፍቶ ቢመጣ፣ የሕመምተኛው አንጓ ላይ እጁ አይንቀጠቀጥም።

ተቃውሞውንም አውቀዋለሁ። ማጣሪያና ቱቦ እያለቀ እጥበት በሚቋረጥበት አገር ስለ ጎማ ክንድ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ሰው አለ። ንዴቱ ይገባኛል። ግን ሒሳቡን በሌላ በኩል እናስላው። በተበላሸ ፊስቱላ ምክንያት ካቴተር የሚገባለት ሰው ተጨማሪ ካቴተር ይገዛል፣ ኢንፌክሽን ሲይዘው አልጋ ይይዛል፣ ውድ አንቲባዮቲክ ይወስዳል፣ ሌላ ቀዶ ጥገና ይጠብቃል። ይህን ሁሉ የሚከፍለው ከሰበታ ፋብሪካ ደመወዝ፣ ወይም መንገድ ላይ ፎቶውን ይዘው ከሚለምኑለት ልጆቹ ነው። የኩላሊት ሕመምተኞች እጥበት በጎ አድራጎት ድርጅት ለዓመታት ከሕዝብ ሲሰበስብ የኖረው ገንዘብ በዚህ መንገድ እንዳይባክን መጠበቅ የሰጪውንም አደራ መጠበቅ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሞዴል ተገዝቶ ሲያበቃ ምን ይሆናል የሚለው። በልገሳ የመጣ ማኔኪን «እንዳይበላሽ» ተብሎ ከነሣጥኑ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎበት የሚቀመጥበትን ሁኔታ በጤናው ዘርፍ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ቁልፉ አንድ ሰው ዘንድ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። ሥልጠና ሲባልም ሆቴል አዳራሽ፣ በፕሮጀክተር የሚታይ ጽሑፍና የውሎ አበል የሆነበት ልማድ ሥር ሰድዷል። እጅ በአዳራሽ አይሠለጥንም። ሌላው ፈተና ደግሞ የሠለጠነው ሰው አለመቆየቱ ነው፦ ጥሩ የምትወጋ የዲያሊሲስ ነርስ ብዙ ሳትቆይ ወደ ግል ሆስፒታል ወይም ወደ ውጭ ትሄዳለች። ስለዚህ ሥልጠናው በፕሮጀክት የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ዋጋ የለውም፤ እንደ ሥራ ሰዓት በየወሩ የሚደገም መሆን አለበት።

ሞዴል ሁሉን እንደማያስተምርም መታወቅ አለበት። ጎማው አይፈራም፣ አያለቅስም፣ «ሲስተር፣ ዛሬስ እባክሽ አንዴ ብቻ» አይልም። በሞዴል ያለፈች ነርስ በሰው ላይ ስትጀምር ልምድ ያላት ባልደረባዋ አጠገቧ መቆም አለባት፤ አዲስ ፊስቱላም ለእሷ መሰጠት የለበትም። አዲሱ በቀጭን መርፌ፣ በዝቅተኛ የደም ፍጥነት፣ ልምድ ባለው እጅ ይከፈታል። በየዲያሊሲስ ክፍሉ ሕመምተኞች በስም የሚጠሯት፣ «እሷ ካለች ብቻ» የሚሏት አንዲት ነርስ አለች። ያቺ ሴት ናት አሠልጣኝ መሆን ያለባት። ዛሬ ዕውቀቷ በእጇ ላይ ብቻ ነው ያለው፤ የአሠልጣኝነት ማዕረግም፣ ለዚህ የተመደበ ሰዓትም፣ ጭማሪ ክፍያም የላትም።

የሚሠራው ሰው አለ? አለ። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ የአገሪቱን የመጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሠርቷል። ያ ሥራ ሲጀመር የውጭ ሐኪሞች መጥተው ሠርተው ብቻ አልሄዱም፤ የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ከጎናቸው ቆመው እየሠለጠኑ ነው የተተከለው። ደም ሥር ከደም ሥር መስፋት የሚችል ቀዶ ሐኪም፣ ደም ሥር በአልትራሳውንድ የሚያነብ የኩላሊት ሐኪም፣ ለዓመታት የወጋች ነርስ በአንድ ግቢ ውስጥ ይገኛሉ። ከዚያ ግቢ እስከ ቡራዩ የአስኮ መንገድ ነው፣ እስከ ሱሉልታም አንድ ተራራ ነው።

ስለዚህ እንዲሆን የምመኘውን ልናገር። ውዱ ሞዴል፣ የካቴተሩና የቀዶ ጥገናው ልምምድ አዲስ አበባ ባለው ማዕከል ይሁን። ሦስቱ ከተሞች ደግሞ እያንዳንዳቸው በአንድ ጤና ተቋም ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የእጅ ሞዴል፣ አንድ አሠልጣኝ ይኑራቸው። ሥልጠናው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሰጥ፤ ነርሷ ለሕመምተኛው «ይህንን ክንድህን ጠብቀው» ስትል በሚገባው ቋንቋ መሆን አለበትና። ነርሱ፣ ጤና መኮንኑ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውና የክሊኒክ ሠራተኛው በየተራ ይምጡ። ሕመምተኛውና አስታማሚውም ቢመጡ መልካም ነው፤ በየጠዋቱ ጣት አሳርፎ ንዝረቱን መፈተሽ በአሥር ደቂቃ የሚለመድ ነገር ነው። ንዝረቱ ጠፍቶ በዚያው ቀን ሆስፒታል የደረሰ ሰው ፊስቱላው የመዳን ዕድል አለው፤ «እስከ ቀጠሮዬ ልየው» ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ያጣዋል።

የመጀመሪያው ከሰዓት ሦስት ነገር ብቻ ያስተምር። አንድ፣ መዳፍ ጀርባ ላይ ካኑላ ማስገባት፣ ሳይስቱ መውጋት እስኪለመድ ድረስ። ሁለት፣ የፊስቱላ ክንድ ማወቅ፦ ጠባሳውን አይቶ፣ ንዝረቱን ዳስሶ፣ ግፊት መለኪያውን ወደ ሌላው ክንድ ማዞር። ሦስተኛው ሌሊት ለሚመጣው ነው። ከእጥበት የተመለሰ ሰው ሱሉልታ ቤቱ ገብቶ ከተኛ በኋላ መርፌ የገባበት ቦታ ቢፈነዳ፣ ደሙ የሚወጣው በደም ቅዳ ኃይል ነው፤ አዲስ አበባ ለመድረስ ጊዜ የለም። ብዙ ሰው በድንጋጤ ክንዱን በሙሉ በጨርቅ ይጠቀልላል፤ ደሙ በጨርቁ ሥር መፍሰሱን ይቀጥላል፣ ምን ያህል እንደፈሰሰም አይታይም። ትክክለኛው ክንዱን ከፍ አድርጎ፣ በትንሽ ንጹሕ ጨርቅ ወይም በጎዝ፣ በጣት፣ ቀዳዳው ላይ ብቻ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነው፤ እየከፈቱ ሳያዩ፣ እርዳታ እስኪደርስ። በቀይ ውሃ በተሞላ ቱቦ ላይ ይህንን ሁለት ጊዜ ያደረገ የሌሊት ተረኛ ሦስተኛው በእውነተኛ ሰው ላይ ሲሆን አይደነግጥም።

ሞዴሉ የሚቀመጥበት ክፍል ቁልፍም በኃላፊው ኪስ ሳይሆን ከተረኛዋ ነርስ ጋር ይዋል ይደር፤ ወረፋው ቀለል ባለበት ሰዓት ገብታ እንድትለማመድ።